ስጮህ ሰዓት የሚናገር ሳጥን

ፈሪ ሰው ሪያድ መምጣት የለበትም። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ነው እንጂ እኔ እንኳን ሪያድ፣ ከሐይቅ ደሴ በሚኒባስ ስሄድም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሳፈረው። እዚህ ደግሞ ሁሉ ነገር ይናገራል። ሊፍቱ ይናገራል። መኪናው በሩ ሳይዘጋ ከቀረ ይናገራል። ልብስ ማጠቢያው ሥራውን ሲጨርስ ይዘፍናል። የመጣሁ ሰሞን ሲዘፍን ጊዜ አጨብጭቤለታለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መሰለኝ።

ስደነግጥ ደግሞ እንደ ሰው አልደነግጥም። ሰው ሲደነግጥ ክው ይልና ደረቱን ይዞ ያልፈዋል። እኔ "ያአአአ ረቢ" እላለሁ። ያቺ "ያ" አንዴ ከአፌ ከወጣች ትንፋሼ እስኪያልቅ አትቆምም። አገር ቤት ጎረቤቶቼ ለምደውኛል፤ እኔ ጮኼ ከቤቱ የሚወጣ የለም። አንድ ጊዜ የምር እባብ ገብቶብኝ ስጮህ፣ "ዛሬ ደግሞ በረሮ ነው" ብለው ቁርሳቸውን በሉ። እባቡ ራሱ ነው ደንግጦ የወጣው።

የምሠራበት ቤት ሰው አይበዛበትም። ማዳም ኑራ አለች። ባሏ ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ከዚያ የማዳም አባት፣ እኔ ባባ የምላቸው፣ ሰፈሩ አቡ ናስር የሚላቸው ሽማግሌ አሉ። እኔን ደግሞ በልጄ ስም ኡም ሀያት ይሉኛል። ሀያት ደሴ ነርስነት እየተማረች ነው፤ ልትጨርስ የቀራት ትንሽ ነው። እኔ እዚህ ቤት ካለሁ ትጨርሳለች፤ ከሌለሁ አትጨርስም። ነገሩ እንዲህ አጭር ነው። ሌላው የማወራችሁ ሁሉ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ባባ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ፍቅር ብቻ ነው ያላቸው፤ ሬዲዮ። ዜና የሚያወራው አይምሰላችሁ። ሰው ከሰው የሚጫወትበት ነው፤ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ይለቃል፣ ሌላው ይቀበላል። የሚጫወቱት እንደሳቸው ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ዲራ የሚባለው አሮጌ ገበያ ውስጥ ሽቶ ይሸጣል፣ ሌላው የስልክ መሐንዲስ ነበር፣ የቀሩት ምን እንደነበሩ አላህ ይወቅ። የሚያወሩት ስለ አየሩ ነው። ሪያድ ውስጥ ስለ አየር ምን ይወራል? ዛሬ ይሞቃል። ትናንትም ሞቆ ነበር። ነገ ኢንሻአላህ ይሞቃል። ይህን ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያወሩታል፣ አይሰለቻቸውም።

ጣሪያው ላይ፣ ልብስ ከማሰጣበት አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ የሽማግሌዎቹ ሳጥን ተቀምጧል። የእያንዳንዳቸው ሬዲዮ ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ሩቅ አይደርስም፤ ሳጥኑ ደካማውን ድምፅ ይቀበልና አጎልብቶ መልሶ ለሁሉም ይረጨዋል። ትእዛዝ የሚቀበለው ደግሞ በቁጥር ነው። ሬዲዮው ላይ እንደ ስልክ ቁጥር ሲነኩ "ቱት" ይላል፤ ሳጥኑ ያን "ቱት" ሰምቶ የታዘዘውን ይሠራል። አንዱ ቁጥር ሰዓት ያስነግረዋል፣ አንዱ ያጠፋዋል፣ አንዱ መልሶ ያበራዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ስለ ሳጥኑ የማውቀው አቧራ እንደሚወድ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ለባባ ሻይ ይዤ ገባሁ። ባባ ጣታቸው ስለሚደክም የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭነው አይቆዩም፤ አንዴ ገፍተውት እንደተገፋ የሚቀር ነው። ይህ ማለት ሻያቸውን ሲያማስሉ፣ ሲያስሉ፣ "ቢስሚላህ" ሲሉ ሪያድ በሙሉ ይሰማል። ትሪውን ላስቀምጥ ስል ብርጭቆው ተንሸራተተ። "ያአአአ ረቢ" አልኩ። ብርጭቆውን ያዝኩት፤ ሻዩ አልፈሰሰም፤ ነገር ግን ከሬዲዮው ውስጥ አንዲት ሴት ተናገረች።

በፈረንጅኛ። ረጋ ብላ፣ ተሞላቅቃ፣ ልክ ስሟን እንደጠራኋት። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ ዝም አለች።

ባባን አየኋቸው። ቅንድባቸው እንኳ አልተነሳም፤ ሻያቸውን ፉት አሉ። ሰው ቤቱ ውስጥ ባዕድ ሴት ስትናገር የማይደነግጥ የሚያውቃት ሲሆን ነው ብዬ ሮጬ ወጥቼ ለዘይነባ ደወልኩ። ዘይነባ የአገሬ ልጅ ናት፤ እሷም ሰው ቤት ነው የምትሠራው።

"ባባ ፈረንጅ አግብተዋል" አልኳት።

"አንቺዬ፣ የት አስቀመጧት?"

"ሬዲዮው ውስጥ።"

ትንሽ አሰበች። "መቼ ነው የተናገረችው?"

"እኔ ስጮህ።"

"በቃ ቀንታብሻለች እህቴ፤ ሻዩን አስቀምጠሽ ቶሎ ውጪ።"

ቶሎ መውጣቱን ሞከርኩ። አልሆነም። በማግስቱ ሬዲዮው ጮክ ብሎ ሲንኮሻኮሽ ደንግጬ ጮህኩ፤ ተናገረች። እሷ ስትናገር ደግሞ ደነገጥኩ፤ ጮህኩ፤ ደግማ ተናገረች። እንዲህ ስንመላለስ ቆይተን በመጨረሻ ከሁለታችን እኔ ቀድሜ ትንፋሽ አጠረኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ስጮህ ሴትዮዋ ሳትናገር ሬዲዮው ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ባባ፣ "ያ ጀማዓ? የት ሄዳችሁ?" እያሉ ቀሩ። ቁጥር ነካክተው ሲያበሩት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ መነታረክ ጀመሩ። አንድ ባለጌ ከመካከላችን ቁጥር እየነካ ያሾፍብናል ተባባሉ። ባለጌው ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

ያኔ ነው የፈረንጅ ሚስት ነገር ከልቤ ወጥቶ ጅን የገባበት። ሰው ብትሆን ኖሮ ሰላም ትለኝ ነበር። ጅን ናት፤ ለዚያውም እኔን ተከትላ የመጣች። ቤቱ ያለው ድሮ ነው፣ ሬዲዮው ያለው ድሮ ነው፣ አዲስ ነገር እኔ ብቻ ነኝ። ይህን እኔ ብቻ ባስበው ደግ ነበር፤ ማዳምም አሰበችው።

"ኡም ሀያት" አለችኝ አንድ ቀን ወጥ ቤት መጥታ፣ "የአባቴ ሳጥን የተበላሸው አንቺ ከመጣሽ በኋላ ነው። ልብስ ስታሰጪ ትነካኪዋለሽ?"

"ወላሂ ማዳም፣ አቧራውን ብቻ ነው።"

"አባቴ ከሱ ሌላ ደስታ የለውም። አንድ ጊዜ እንኳ እንደነካሽ ባውቅ ወደ መክተቡ እመልስሻለሁ፤ ከዚያ ኹሩጅ ነው።"

መክተብ ማለት እኛን ያመጣን ቢሮ ነው። ኹሩጅ ማለት ደግሞ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ላትመለሺ አገርሽ ግቢ ማለት ነው። ለእኔ ኹሩጅ ማለት ሀያት ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጥ ነው። እንዲያ ሆና ታየችኝ። ታዲያ እውነቱን ልንገራት? "ማዳም፣ ሳጥኑን አልነካሁም፤ ከወሎ ጅን ይዤ መጥቼ ነው" ልበላት? ወደ ድስቴ ዞርኩ።

ጁምዓ እረፍት ተሰጥቶኝ የአገሬ ሰው ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ባጥሐ ወረድኩ። ዘይነባ ገንዘብ የምንልክበት ሐዋላ በር ላይ፣ ሰው እየተጋፋ በሚያልፍበት ቦታ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ከእኔ ቀድማ ስለመጣች እዚህ አገር የማታውቀው ነገር የለም፤ የማታውቀውንም ታውቀዋለች።

"ጥቁር አዝሙድ" አለችኝ። "ለሁሉ መድኃኒት ነው። ትሰጪዋለሽ።"

"ለማን?"

"ላለችበት ነዋ። ሳጥኑ ቀዳዳ የለውም?"

"ጎኑ ላይ አለው፣ ሙቀት የሚወጣበት።"

"በሱ በኩል። ደግሞ አታናግሪያት። ድምፅሽን አታሰሚያት። ሬዲዮ ካለበት ስትገቢ አፍሽን በሻርፕሽ ያዢው።"

ገዛሁ። ማዳም ገበያ በሄደችበት ሰዓት ልብስ ይዤ ጣሪያ ወጣሁና "ቢስሚላህ" ብዬ በሳጥኑ ቀዳዳ ጥቁር አዝሙዱን ቆነጠርኩለት። ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ። ኋላ ስስት እንዳይመስል የቀረውን ሁሉ ገለበጥኩት። ማዳም አትንኪ ያለችኝን ሳጥን መንካቴ ነው፤ ነገር ግን ያን ያደረግኩት እንዳልባረር ነው። ለፈሪ ሰው ይህ በጣም የሚገባ ነገር ነው።

እናም ሠራ። እመኑኝ ሠራ። በዚያ ሳምንት ሻይ ይዤ ስገባ ሻርፔን በጥርሴ ነክሼ ነበር የምገባው፤ ብርጭቆ ቢንሸራተት፣ ሬዲዮ ቢንኮሻኮሽ፣ ከአፌ ትንፍሽ አይወጣም። ሴትዮዋም አልተናገረችም። ሬዲዮውም አልጠፋ። ባባ ስለ ሙቀቱ በሰላም ያወሩ ጀመር። ለዘይነባ ደውዬ፣ "ሄደችልኝ፤ ያንቺ ውለታ አለብኝ" አልኳት። "ላንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ" አለችኝ፤ "ባለፈው የኛ ቤት ፍሪጅም በሱ ነው የዳነው።"

ሽማግሌዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ተሰብስበው በየተራ ስማቸውን እየጠሩ ሰላምታ የሚሰጣጡበት ልማድ አላቸው። ባባ ለዚያ ቀን ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ነው የሚቀመጡት፤ የሚያያቸው የለም፣ ቢሆንም ይቀባሉ። የዚያን ቀን ተምር ይዤላቸው ገባሁ። ጅኗ ሄዳለች ብዬ ሻርፔን ለቅቄዋለሁ። ባባ ቁልፉን ገፍተው፣ "አህለን፣ አህለን" እያሉ ሳለ በመስኮቱ ርግብ ገብታ ፊቴ ላይ ክንፏን አራገፈችብኝ።

የዚያን ቀኗን "ያ" እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሳምንት ሙሉ በሻርፕ ታፍና የከረመች "ያ" ናት። ሴትዮዋ ተናገረች። አላቆምኩም፤ ደግማ ተናገረች። አሁንም አላቆምኩም፤ ሬዲዮው ጠፋ፣ ርግቧ ወጣች፣ ባባ ብቻቸውን ሽቶ ሽቶ እየሸተቱ ቀሩ።

በማግስቱ አቡ ቱርኪ መጡ። የስልክ መሐንዲስ ነበር ያልኳችሁ የባባ ጓደኛ ናቸው። የመሣሪያ ሻንጣ ይዘው ጣሪያ ወጡ፤ ባባ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ማዳም ተከትላ ወጣች። እኔ እርጥብ አንሶላ ይዤ ልብስ ማስጫው ጋ ቆሜ፣ አንሶላው ውስጥ ብጠቀለል የማያዩኝ እየመሰለኝ እጠቀለላለሁ። አቡ ቱርኪ የሳጥኑን ክዳን ፈቱና አዘነበሉት።

ጥቁር አዝሙዱ ሽርርር ብሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያን ያህል መሆኑን እኔም አላወቅሁም ነበር።

አቡ ቱርኪ አንስተው አሸተቱ። "ሀበቱ ሰውዳ ነው። ሳጥኑ አስሎት ነበር እንዴ?"

ባባም አሸተቱ። "ጥሩ ዓይነት ነው" አሉ።

ማዳም ግን አላሸተተችም። ዞራ እኔን አየችኝ። አንሶላው አላዳነኝም።

"አልነካሁም ብለሽ በአላህ ምለሻል" አለች ድምፅዋን ሳትጨምር።

"ማዳም፣ የማልኩት ከመንካቴ በፊት ነው።"

"ኸላስ። ነገ መክተቡ እወስድሻለሁ።"

ሀያት ታየችኝ። ጋውኗ ታየኝ። አንሶላውን እንደታቀፍኩ "ያአአአ ረቢ" ብዬ ተቀመጥኩ። አቡ ቱርኪ በእጃቸው ትንሽ ሬዲዮ ለሙከራ ቁልፉን ተጭነው ይዘው ነበር። ከተከፈተው ሳጥን ውስጥ ያቺ ፈረንጅ ረጋ ብላ ተናገረች።

አቡ ቱርኪ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። ማዳም ልትናገር ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

"ሰዓት ተናገረ" አሉ። "ማንም ቁጥር አልነካም። ኡም ሀያት፣ እስቲ ደግመሽ በዪው።"

እንግዲህ ተመልከቱ። ስንት ቀን ያፈንኩትን አሁን በዪው ተባልኩ፤ አልመጣ አለ። "ያ" አልኩ አጭር። ሳጥኑ ዝም። "ያ ረቢ" አልኩ፤ ሶላት ላይ እንዳለ ሰው። ሳጥኑ ዝም።

"እንደሱ አይደለም፤ ያን ትልቁን" አሉ አቡ ቱርኪ።

"ካልፈራሁ አይመጣም" አልኩ አፍሬ።

አቡ ቱርኪ ወደ ማዳም ዞረው፣ "አስፈራሪያት" አሏት።

ማዳም ግራ ገባት። በኋላ እጆቿን አጣምራ፣ "ነገ መክተቡ እወስድሻለሁ" አለች። መጣ። ትንፋሼ እስኪያልቅ መጣ። ሳጥኑ ሰዓት ተናገረ። አቡ ቱርኪ እንደ ልጅ ሳቁ።

ከዚያ አስረዱን። እያንዳንዱ ቁጥር ሲነካ ሁለት ድምፅ ነው የሚወጣው፤ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን፣ አንድ ላይ። ሳጥኑ ሁለቱን እኩል ከሰማ ቁጥር ተነካ ብሎ ያምናል። የወንዶቹ ወሬ ብዙ ጊዜ አያሳስተውም፤ የሴት ድምፅ ሲረዝም ግን ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። "የዚህች ሴት 'ያ' ሁለቱም አለባት" አሉ።

"መድኃኒት አለው?" አልኩ ደንግጬ።

"ያንቺ ጤና ነው። የታመመው ይሄኛው ነው።" ሳጥኑ ውስጥ ወዳለች ጥፍር የምታህል መዞሪያ ጠቆሙ። "ድምፁ እዚህ ሲደርስ ከልኩ በላይ ገንኖ ይሰባበራል። የተሰባበረ ድምፅ ደግሞ ያልነበረበትን ሁሉ ይጨምራል። ይህችን መዞሪያ እስከ ጥጓ ያዞራት ማን ነው?"

ማዳም እኔን አየች። "ወላሂ..." ብዬ ጀመርኩና የመሐላዬ የዛሬ ዋጋ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት።

"እኔ ነኝ" አሉ ባባ ከወንበራቸው።

ሁላችንም ዞርን።

"ድምፃችሁ እየቀነሰ ሄደብኝ። ቤት ያለውን ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ አልበቃ አለ። ስለዚህ ከዚህ ከራሱ አሳደግኩት።"

አቡ ቱርኪ መፍቻቸውን አስቀመጡ። "የኛ ድምፅ አልቀነሰም ወንድሜ።"

"ሁላችሁም ባንዴ አረጃችሁ ብዬ ነው" አሉ ባባ።

ማዳም አባቷ እግር ሥር በርከክ አለች። "ባባ፣ ጆሮህ እንደሚያስቸግርህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። የመለስሽልኝን አልሰማሁም።"

ማዳም ሳቀች፤ ቀጥላ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። አቡ ቱርኪ መዞሪያዋን ትንሽ መለሱና፣ "ያላ፣ እንሞክር" አሉ። ማዳም አሁን ሥራው ገብቷታል። "ነገ መክተቡ እወስድሻለሁ።" ጮህኩ። ሳጥኑ ሰዓት ተናገረ። ደግሞ መለሱ። "ነገ መክተቡ።" ጮህኩ። ሳጥኑ ተናገረ፤ አሁን ግን ጩኸቴ ሲጋመስ ነው። በሬዲዮው የዲራው ሽቶ ሻጭ ገቡ።

"አቡ ናስር፣ ማን ሞተባችሁ?"

"ማንም አልሞተም" አሉ ባባ፣ "ጥገና ላይ ነን።"

"ጥገናው እንዲህ ያማል እንዴ?"

አቡ ቱርኪ ላፕቶፓቸውን ሰክተው ሌላ ነገርም ጨመሩ፤ ሳጥኑ የሰማውን ድምፅ ወዲያው እንዳያምን፣ ትንሽ ቆይቶ እውነት ቁጥር መሆኑን እንዲያጣራ አዘዙት። እኔም ይህን ለዘይነባ መንገር እንዳለብኝ አሰብኩ። "የመጨረሻ" አሉኝ። "ሳትሰስቺ።"

ማዳም ቆማ ቀጥ ብላ አየችኝ። "ነገ መክተቡ እወስድሻለሁ፤ ኹሩጅ ነው።"

ጎረቤት መስኮት ተከፈተ። ርግቦች ከውኃ ታንከሩ ላይ ተነሱ። ትንፋሼ አለቀ፣ ከሌላ ቦታ ተበድሬ ቀጠልኩ። ጨርሼ ዝም ስል ሳጥኑም ዝም። ሁላችንም ሳጥኑን እያየን ጠበቅን። ዝም። አቡ ቱርኪ ሬዲዮአቸው ላይ አንድ ቁጥር ነኩ፤ ሴትዮዋ ያኔ ብቻ፣ በትእዛዝ፣ ሰዓቱን ተናገረች። አቡ ቱርኪ የባባን ትከሻ መቱ፤ ማዳም "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ዲራም "መብሩክ" አለ። ሁሉም ተደሰተ።

እኔ ብቻ አንሶላዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ማዳም ያን ቃል አምስት ጊዜ ሳትለኝ አልቀረችም፤ የመጀመሪያው የምር መሆኑን አውቃለሁ፤ የቀሩት ለሙከራ ናቸው። ግን የመጀመሪያውን ማን ሰረዘው? እንደፈራሁ ከምሞት ጠይቄ ልሙት ብዬ ጠጋ አልኩ።

"ማዳም፣ ነገ መክተቡ እንሄዳለን ወይስ አንሄድም? ልብሴን ላዘጋጅ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ማዳም ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ጥቁር አዝሙድ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። እሷ ሳትመልስ ባባ ጣልቃ ገቡ።

"የት ነው የምትሄደው?"

"ወደ መክተቡ ብዬአት ነበር ባባ" አለች ማዳም ጮክ ብላ።

"ማን? ኡም ሀያት?" ባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚህ ቤት ውስጥ ስትናገር ከጫፍ እስከ ጫፍ የምሰማት እሷን ብቻ ነው። እሷ ከሄደች ሻይ መድረሱን እንኳ በምን አውቃለሁ?"

ማዳም መጥረጊያውን ከግድግዳው አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ይህን አዝሙድሽን ጥረጊ። ነገ ባባን ለጆሮው ሐኪም ቤት ስወስደው አብረሽን ትመጫለሽ። ሐኪሙ የሚለውን እኔ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ለሱ ትደግሚለታለሽ።"

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ደስታው ከእግሬ ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። ልይዘው ሞክሬ ነበር፤ ሻርፔን እንኳ ፈልጌአለሁ፤ አልደረስኩበትም። "ያአአአ ረቢ" ብዬ ለቀቅሁት። ማዳምም፣ ባባም፣ አቡ ቱርኪም እኔን ትተው ሳጥኑን ለማየት ዞሩ። ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ጩኸቴን ጨረስኩ፤ ሳጥኑ ምንም አላለም።